ሕይወት የሚያድኑ እጆችም ከለላ ይሻሉ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳርቻ የተቆረቆረችው ሀዋሳ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። ከተማዋ ከምትታወቅባቸው ተቋማት አንዱ እ.ኤ.አ በ2005 ሥራ የጀመረው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ቀደም ሲል «ሪፈራል» በሚል ስያሜ ይታወቅ የነበረውና ዛሬ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚባለው ይህ ተቋም ከሲዳማ ክልል ባሻገር ከአጎራባች ክልሎች በሪፈር የሚላኩ ሕሙማንን ያስተናግዳል። በከተማዋ የሚገኘው አዳሬ ሆስፒታልም ለነዋሪው ለረጅም ዓመታት አገልግሎት ሲሰጥ የቆየ ነው።

ወደ እነዚህና መሰል ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገቡ ሕሙማን ብዙዎቹ በድንገት የሚመጡ ናቸው። ምጥ የጠናባት እናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛ፣ አንጀቱ የታጠፈበት አርሶ አደር ጊዜ የሚሰጡ አይደሉም። ቀዶ ሐኪሙ፣ ረዳቱ፣ መሣሪያ አቀባይ ነርሷና የሰመመን ሰጪ ባለሙያው በአንድ ጠባብ አልጋ ዙሪያ ተሰባስበው በስለትና በመርፌ የታጋዩን ሕይወት ለማትረፍ ይረባረባሉ። በሥራቸው መካከል እጃቸውን የሚነካው ደም ምን ዓይነት ቫይረስ እንደያዘ ግን በዚያች ሰዓት የሚያውቁበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

በቀዶ ሕክምና ወቅት የሚደርስ የመርፌ መወጋት ወይም የስለት መቆረጥ ለባለሙያዎቹ እንግዳ ነገር አይደለም። አደጋው «የሥራው ጠባይ ነው» ተብሎ በዝምታ የሚታለፍበት አጋጣሚም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የሕክምናው ዘርፍ ባለፉት አራት አሥርት ዓመታት ያካበተው ዕውቀት እንደሚያሳየው አደጋውን በእጅጉ መቀነስ፣ ከደረሰም በኋላ ወደ በሽታ እንዳይሸጋገር ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ወሳኝ የሆኑት ሁለት ወቅቶች ናቸው። አንደኛው ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ያለው የዝግጅት ጊዜ ሲሆን ሁለተኛው ከመወጋት በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓታት ናቸው።

ሦስቱ ቫይረሶች

በደም ንክኪ ከሚተላለፉ በሽታ አምጪ ተህዋስያን መካከል ለቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ዋነኛ ስጋት ተደርገው የሚወሰዱት ሦስት ናቸው። እነዚህም የሄፓታይተስ ቢ፣ የሄፓታይተስ ሲ እና የኤች አይ ቪ ቫይረሶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጉበትን የሚያጠቁ ሲሆኑ፣ በኅብረተሰቡ ዘንድ «የወፍ በሽታ» በሚል ከሚታወቀው የዐይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ጋር ተያይዘው ይነሳሉ። ብዙ ጊዜ ግን ምንም ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ቆይተው ጉበትን ለጠባሳና ለካንሰር ይዳርጋሉ።

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መኖር ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ በ1984 በተሰበሰቡ የደም ናሙናዎች ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ቫይረሱ ያስከተለው ጉዳት በጤና ባለሙያውም ሆነ በኅብረተሰቡ ዘንድ ትልቅ ፍርሃት ጥሎ አልፏል። በዚህም የተነሳ «መርፌ ወጋኝ» የሚል ባለሙያ በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ኤች አይ ቪ ነው።

አኃዞች የሚያሳዩት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖር ሰው ደም በተበከለ መርፌ ከተወጉ 1 ሺህ ሰዎች መካከል መከላከያ መድኃኒት ሳይወስዱ ቢቀሩ በቫይረሱ የሚያዙት 3 ያህል ናቸው። ደሙ ወደ ዐይን ወይም ወደ አፍ በተረጨ ጊዜ ደግሞ ዕድሉ ከ1 ሺህ ከ1 ያነሰ ነው። ሄፓታይተስ ሲን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የቆየው ግምት ከ1 ሺህ 18 ያህል የሚል ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ዕድሉን ከዚህ በብዙ ዝቅ አድርገውታል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ክትባት ያልወሰደን ሰው የመያዝ ዕድሉ ከ100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። የዕድሉ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት በታማሚው ደም ውስጥ ባለው የቫይረሱ ብዛት ይወሰናል።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከዚህም ሌላ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በደረቀ ደም ውስጥ፣ ከሰውነት ውጭ በጠረጴዛ ወይም በመሣሪያ ላይ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሽታ የማስያዝ አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በጥንቃቄ ያልታጠበ መቆንጠጫ ወይም ከአልጋ ሥር የተረሳ ጠብታ ከቀናት በኋላም ቢሆን የጽዳት ሠራተኛውን ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሀገር አቀፍ ደረጃ ያለው ሥርጭትም ተመሳሳይ መልእክት ያስተላልፋል። በኢትዮጵያ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶችን አጠቃሎ የመረመረና እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ የምርምር ጽሑፍ የሄፓታይተስ ቢ ሥርጭት በአማካይ 7 ነጥብ 4 በመቶ፣ የሄፓታይተስ ሲ ደግሞ 3 ነጥብ 1 በመቶ መሆኑን አስቀምጧል። የኤች አይ ቪ ሥርጭት በአንጻሩ በአዋቂዎች ዘንድ ከ1 በመቶ በታች እንደሆነ ይገመታል። ስለሆነም አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በሥራ ላይ ሳለ ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ታማሚ ጋር የመገናኘት ዕድሉም፣ ከተወጋ በኋላ የመያዝ ዕድሉም ከሌሎቹ ይበልጣል። የሚያጽናናው ነገር ከሦስቱ ቫይረሶች መካከል አስተማማኝ ክትባት የተገኘለት ይኸው ሄፓታይተስ ቢ ብቻ መሆኑ ነው።

በሀዋሳና በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች

ጉዳዩ በሀዋሳ ትኩረት ያገኘው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ በጥር ወር 2014 በሀዋሳ ሪፈራልና በአዳሬ ሆስፒታሎች በሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ላይ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2016 በዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና መጽሔት ላይ ታትሟል። ጥናቱ በመርፌና በሌሎች ስለታም መሣሪያዎች የሚደርስ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነና ከምን ጋር እንደሚያያዝ የመረመረ ነበር። በሁለቱ ሆስፒታሎች የሚገኙ ባለሙያዎች ይህን መሰሉ አደጋ በተደጋጋሚ እንደሚያጋጥማቸው ያመላከተ በመሆኑ ለአካባቢው የጤና ተቋማት መነሻ የሚሆን መረጃ ነው።

ችግሩ የታዳጊ ሀገሮች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ699 የቀዶ ሕክምና ተለማማጅ ሐኪሞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2007 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከሠልጣኞቹ መካከል ወደ መጨረሻው የሥልጠና ዓመት የደረሱት 99 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ በመርፌ መወጋታቸውን አረጋግጧል። ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው ግን ለመጨረሻ ጊዜ ከደረሱባቸው አደጋዎች 51 በመቶው ለሚመለከተው አካል አለመነገሩ ነው። ሠልጣኞቹ ለዚህ በዋናነት ያቀረቡት ምክንያት የጊዜ እጥረት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2002 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ካሉት 35 ሚሊዮን የጤና ባለሙያዎች 3 ሚሊዮን ያህሉ በየዓመቱ በስለታም መሣሪያ አማካይነት ለደም ወለድ ተህዋስያን እንደሚጋለጡ ገምቷል። ከነዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮን የሚሆኑት የተጋለጡት ለሄፓታይተስ ቢ ነው። እነዚህ አኃዞች ሃያ ዓመታት ያለፏቸው ቢሆንም የችግሩን ስፋት ለመረዳት ዛሬም ያገለግላሉ።

አደጋው የሚደርሰው መቼ ነው?

በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ጉዳት የሚደርሰው በምላጩ ሳይሆን በስፌት መርፌ ነው። በ87 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያመለክተው በቀዶ ሕክምና ወቅት ከሚያጋጥሙ የስለት ጉዳቶች ከአሥሩ አራቱ የሚሆኑት በስፌት መርፌ የሚደርሱ ናቸው። በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሐኪም አዘውትሮ የሚወጋው የግራ እጁን አመልካች ጣት ነው። ምክንያቱም በግራ እጁ ሥጋውን ደግፎ ወይም የመርፌውን ጫፍ በጣቱ ፈልጎ ስለሚሰፋ ነው።

የሆድ ግድግዳ የሚሰፋበት የመጨረሻው ምዕራፍ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ዋናው ሥራ ተጠናቅቆ ቡድኑ እፎይ ያለበት፣ ድካም የሚሰማበትና ቀጣዩ ታካሚ በበር ላይ የሚጠባበቅበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የሆድ ግድግዳን ለመዝጋት የሚውለው መርፌ ትልቅና ጠንካራ ነው። ሁለት ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ በሚሰፉበትም ጊዜ አንዱ የሌላውን እጅ የመውጋት ዕድሉ ይጨምራል።

ሁለተኛው አደገኛ ወቅት መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ነው። ዐይኑን ከቁስሉ ሳይነቅል እጁን የሚዘረጋ ሐኪምና መሣሪያውን የምታቀብል ነርስ በአንድ ቅጽበት ሊጎዳዱ ይችላሉ። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ የቀረ መርፌ ልብስ አጣቢዋን፣ ከምላጭ መያዣው ላይ ያልተነቀለ ምላጭ መሣሪያ አጣቢውን ይጎዳል። እነዚህ ሠራተኞች ከቀዶ ሐኪሙ ያነሰ ሥልጠናና ያነሰ ከለላ ያላቸው በመሆኑ ጉዳታቸውም ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁሉም መርፌዎች እኩል አደጋ አያስከትሉም። ባለ ቀዳዳው የደም መቅጃ መርፌ በውስጡ ደም ስለሚይዝ ድፍን ከሆነው የስፌት መርፌ ይልቅ ቫይረስ የማስተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጥልቅ ውጋት፣ በመሣሪያው ላይ በዐይን የሚታይ ደም መኖሩና የታማሚው በሽታ በከፋ ደረጃ ላይ መገኘቱም ስጋቱን ያባብሳሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል

የመጀመሪያውና ርካሹ ከለላ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። ክትባቱ ለአዋቂ በተለመደው አሰጣጥ በስድስት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ በስድስተኛው ወር ላይ ይወሰዳል። ሦስተኛው ከተወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በደም ምርመራ ሰውነት በቂ የመከላከል አቅም ማዳበሩን ማረጋገጥ ለቀዶ ሕክምና ባለሙያ ተገቢ ነው። ጥቂት ሰዎች ለክትባቱ ምላሽ ላይሰጡ ስለሚችሉ ይህ ምርመራ «ተከትቤያለሁ» ከሚለው እምነት የበለጠ ዋስትና ይሰጣል። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ወስዶ ሦስተኛውን መዘንጋት ግን ሥራውን ከግማሽ መንገድ እንደ መተው ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ሀገራዊ እውነታ አለ። ኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከለውን የአምስትዮሽ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ውስጥ ያካተተችው እ.ኤ.አ በ2007 ነው። ዛሬ በሀገሪቱ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞችና ልምድ ያላቸው ነርሶች በሙሉ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ስለሆነም በሕፃንነታቸው በዚህ ፕሮግራም የተከተቡ አይደሉም። ከለላ ሊያገኙ የሚችሉት በአዋቂነታቸው ወይም በሥልጠና ላይ ሳሉ ከተከተቡ ብቻ ነው። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ተቋማት ተማሪዎቻቸው ወደ ሕሙማን አልጋ ከመቅረባቸው በፊት የክትባት ሁኔታቸውን ማረጋገጣቸው ለዚህ ነው አስፈላጊ የሚሆነው።

ሁለተኛው ከለላ ጓንት ነው። የቀዶ ሕክምና ጓንት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው የባለሙያን እጅ ከመጠበቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጇ በፀረ ተህዋስያን ኬሚካል እየቆሰለ በመቸገሯ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት ለጉድዪር የጎማ ኩባንያ ጥያቄ አቀረበ። ጓንቱ ታካሚውንም ከቁስል መመረዝ እንደሚጠብቅ በስፋት የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የሚመከረው ሁለት ጓንት ደርቦ መልበስ ነው። በርካታ ጥናቶችን ገምግሞ እ.ኤ.አ በ2014 የታተመ ጽሑፍ እንዳረጋገጠው ሁለት ጓንት መደረብ የውስጠኛው ጓንት የመበሳት አጋጣሚን ከነጠላ ጓንት ጋር ሲነፃፀር በ71 በመቶ ይቀንሳል። መርፌው ሁለቱንም ቢበሳ እንኳ በሚያልፍበት ጊዜ በላዩ ያለው ደም በከፊል ስለሚጠረግ ወደ ቆዳ የሚደርሰው መጠን ያንሳል። የውስጠኛው ጓንት ደማቅ ቀለም ያለው ከሆነ ደግሞ የላይኛው መበሳቱ ወዲያውኑ በዐይን ይታያል። አንዳንድ ባለሙያዎች በድርብ ጓንት የጣት ስሜት እንደሚደነዝዝ ቢናገሩም በተግባር ከተለማመዱት በኋላ ቅሬታው የሚቀንስ መሆኑ ተስተውሏል።

ሦስተኛው የመሣሪያ ምርጫ ነው። ጫፋቸው ደነዝ የሆኑ የስፌት መርፌዎች እንደ ሆድ ግድግዳ ላሉ የሰውነት ክፍሎች ተስማሚ ሲሆኑ ቆዳን ግን በቀላሉ አይበሱም። እ.ኤ.አ በ2011 የወጣ ተመሳሳይ ግምገማ እነዚህ መርፌዎች የጓንት መበሳትን በ54 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። መርፌው ባይገኝ እንኳ ሥጋን በጣት ከመያዝ ይልቅ በመቆንጠጫ መያዝ፣ መርፌውንም በእጅ ሳይሆን በመርፌ መያዣ ማስተካከል ማንኛውም ሆስፒታል ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊተገብረው የሚችል ልማድ ነው።

አራተኛው «ገለልተኛ ሥፍራ» የሚባለው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ስለታም መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። በሐኪሙና በነርሷ መካከል ትሪ ወይም የኩላሊት ቅርጽ ያለው ሣህን ይቀመጣል፤ ነርሷ መሣሪያውን እዚያ ታኖራለች፣ ሐኪሙ ያነሳል፣ ሲጨርስም እዚያው ይመልሳል። አስቀማጩ «ስለት» ብሎ ድምፅ ማሰማቱም ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ ወደ ሣህኑ እንዳይዘረጉ ያደርጋል። ይህ አሠራር የሚጠይቀው አንድ ሣህንና የቡድኑን ስምምነት ብቻ ነው።

ዐይንም ሊዘነጋ አይገባም። የደም ሥር በተቆረጠ ወይም አጥንት በተሰረሰረ ጊዜ የሚረጨው ደም ወደ ዐይን መግባቱ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። የማንበቢያ መነፅር ጎን ለጎን ክፍት በመሆኑ በቂ አይደለም፤ ጎኑ የተሸፈነ መነፅር ወይም የፊት ከለላ ያስፈልጋል። ብዙ ደም በሚፈስባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ደግሞ ውኃ የማያስገባ ጋዎን ወይም የፕላስቲክ ሽርጥ፣ እንዲሁም በነጠላ ጫማ ምትክ እግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ ማድረግ ተገቢ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሲያበቃ ምላጭና መርፌ በተጠቀመባቸው ሰው እጅ በመሣሪያ ተነቅለው በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ መግባት ይኖርባቸዋል። ሣጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፤ ከዚያ በላይ መጠቅጠቅ ራሱ የአደጋ ምንጭ ነው። መርፌዎች ከታካሚው አካል ከመዘጋቱ በፊት መቆጠራቸው ለታካሚው ደኅንነት እንደሚጠቅም ሁሉ ጨርቁ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከመላኩ በፊት መፈተሹም ለአጣቢዋ ደኅንነት ያስፈልጋል።

ቀደም ባሉት ዓመታት መሣሪያዎች ከመታጠባቸው በፊት በበረኪና በተዘጋጀ 0 ነጥብ 5 በመቶ የክሎሪን ውሕድ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ እንዲዘፈዘፉ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2016 ባወጣው መመሪያ ግን ይህን አሠራር አይመክርም። ደም የክሎሪኑን ኃይል ስለሚያዳክመው መሣሪያው ሳይጸዳ የጸዳ ይመስላል፤ ከዚህም በላይ ብረቱን ያበላሻል፣ ሠራተኛውንም ለኬሚካል ያጋልጣል። ወፍራም የሥራ ጓንት፣ ሽርጥና የዐይን መከላከያ ባደረገ ሠራተኛ በሳሙናና በውኃ በሚገባ ማጠብና ቀጥሎ በአውቶክሌቭ መቀቀል አስተማማኙ መንገድ ነው።

ከተወጉ በኋላ ያሉት ሰዓታት

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም መወጋት ሊያጋጥም ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ሥራውን ለረዳቱ በአፋጣኝ አስረክቦ ጓንቱን ያወልቅና ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ያጥባል። ደም ወደ ዐይን ገብቶ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ወይም በጨው ውሕድ ደጋግሞ ማጠብ ይገባል። ቁስሉን መጭመቅ፣ መምጠጥ ወይም በረኪና ማፍሰስ የሰውነት ሕዋሳትን የሚጎዳ እንጂ ቫይረሱን የሚያስወግድ አይደለም።

ቀጣዩ እርምጃ ወዲያውኑ ማሳወቅ ነው። በታካሚው ፈቃድ የታካሚው ደም፣ እንዲሁም የባለሙያው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ለሄፓታይተስ ሲ ይመረመራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ መጀመር አለበት። የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ተብሎ የመጀመሪያው መጠን አይዘገይም፤ ታካሚው ነፃ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱን ማቋረጥ ይቻላል።

በአሁኑ ወቅት የሚመረጠው የቴኖፎቪር፣ የላሚቩዲንና የዶሉቴግራቪር ጥምረት ሲሆን ሳይቋረጥ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ቀደም ሲል ይሰጥ የነበረው ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ብቻውን እንኳ የመያዝ ዕድልን በ81 በመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ በ1997 የታተመ ጥናት አመልክቷል። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ከዚያን ጊዜዎቹ ይልቅ ለሰውነት የሚስማሙ በመሆናቸው በማቅለሽለሽና በድካም ምክንያት የማቋረጥ ችግርም ቀንሷል። ክትትሉ እስኪጠናቀቅ ድረስ ባለሙያው ኮንዶም መጠቀምና ደም ከመለገስ መቆጠብ ይኖርበታል፤ የምታጠባ እናት ከሆነችም ሐኪሟን ማማከር ይገባታል።

ሄፓታይተስ ቢን በተመለከተ ያልተከተበ ባለሙያ ወዲያውኑ ክትባቱን መጀመር ያለበት ሲሆን፣ በተገኘበት ሁሉ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል በመርፌ አብሮ ይሰጠዋል። ተከትቦ የመከላከል አቅሙ በምርመራ የተረጋገጠ ባለሙያ ግን ምንም ተጨማሪ ሕክምና አያስፈልገውም። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባትም ሆነ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰድ መከላከያ የለም። ይሁንና በወቅቱ በምርመራ ከታወቀ ከ8 እስከ 12 ሳምንታት በሚወሰዱ እንክብሎች ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ።

ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ከላይ የተጠቀሱት እርምጃዎች ሁሉ ዋጋ የሚኖራቸው የተወጋው ሰው ሲናገር ነው። ወረፋ የያዙ ታካሚዎች ብዛት፣ «ምን ይሆናል» የሚል ስሜት፣ የራስን ውጤት የማወቅ ፍርሃትና በባልደረቦች ዘንድ «ጥንቃቄ ያልነበረው» ላለመባል የሚደረግ ይሉኝታ ባለሙያውን ዝም ያሰኙታል። መምህሩ ፊት የተወጋ ሠልጣኝ ሐኪም ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ማቋረጥ እንደ ድክመት ሊቆጠርብኝ ይችላል ብሎ ይሰጋል። የ72 ሰዓቱ ገደብ ግን ይሉኝታን አይጠብቅም።

ለዚህ መፍትሔው በተቋሙ እጅ ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው በሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ለማን እንደሚያመለክት የሚያውቅበት፣ የመጀመሪያው የመድኃኒት መጠን እዚያው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ አቅራቢያ የሚገኝበት፣ የምርመራ ውጤት በምስጢር የሚያዝበት ሥርዓት ሊኖር ይገባል። ሐላፊዎች አደጋውን ያሳወቀን ሠራተኛ ከመውቀስ ይልቅ አደጋው ለምን ደረሰ ብለው ቢመረምሩ፣ መዝገቡ የትኛው ሰዓት፣ የትኛው መሣሪያና የትኛው ክፍል ይበልጥ ጥንቃቄ እንደሚሻ ይነግራቸዋል።

የታካሚው መብት

የባለሙያው ስጋት የታካሚውን መብት የሚጋፋ መሆን የለበትም። ከኤች አይ ቪ ወይም ከሄፓታይተስ ጋር የሚኖር ሰው እንደ ማንኛውም ዜጋ ቀዶ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። በአዲስ የተያዘ ሰው በምርመራ ነፃ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ምርመራን ብቻ ተማምኖ ጥንቃቄን መለዋወጥ ባለሙያውንም አይጠቅምም። «መደበኛ ጥንቃቄ» የሚባለው መርሕ ማንኛውንም ታካሚ ደሙ በሽታ ሊያስተላልፍ እንደሚችል አድርጎ ማስተናገድን የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለሁሉም እኩል በተደረገ ጥንቃቄ መገለል ቦታ አይኖረውም። ጥንቃቄው በተቃራኒው አቅጣጫም ያገለግላል፤ የተበሳ ጓንት የሐኪሙን ደም ወደ ታካሚው ሊያደርስ ይችላልና።

የጤና ሚኒስቴር ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያዎችን አውጥቶ ከጊዜው ጋር ሲያሻሽል ቆይቷል። ንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ የጤና ተቋምን፣ እንዲሁም ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን የማስፋፋት ሀገራዊ ንቅናቄዎችም ተካሂደዋል። መመሪያው ከመደርደሪያ ወርዶ በቀዶ ሕክምና አልጋ ዙሪያ የሚታየው ግን ጓንቱ ሳይቋረጥ ሲቀርብ፣ ክትባቱ በሥራ ቅጥርና በትምህርት መግቢያ ላይ ሲሰጥና አንጋፋው ሐኪም ራሱ ሁለት ጓንት ደርቦ ለተማሪው አርአያ ሲሆን ነው።

ቀዶ ሐኪምን ለማፍራት ከሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ እስከ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ማብቂያ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። በሀዋሳም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ አካባቢዎች እነዚህ ባለሙያዎች ከሚያገለግሉት ሕዝብ ብዛት አንፃር እጅግ ጥቂት ናቸው። አንድ ቀዶ ሐኪም ወይም አንዲት መሣሪያ አቀባይ ነርስ ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ ምክንያት ከሥራ ሲለዩ ጉዳቱ ከቤተሰባቸው አልፎ በበር ላይ ወረፋ የሚጠብቀውን ሕመምተኛ ሁሉ ይነካል። ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት፣ አንድ ተጨማሪ ጓንት፣ በአልጋው ላይ የሚቀመጥ አንድ ሣህንና ሳይዘገይ የሚነገር አንድ ቃል ከዚህ ኪሳራ ጋር ሲነፃፀሩ ዋጋቸው አነስተኛ በመሆኑ፣ የጤና ተቋማትና ባለሙያዎች በጋራ ሊተገብሯቸው ይገባል።